ወንዝ፣ ዱቄትና ደም

ፒማ የሚባሉት የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ራሳቸውን አኪመል ኦኦድሃም ይላሉ፤ የወንዝ ሰዎች ማለት ነው። ወንዙ ጊላ ይባላል፤ በዛሬዋ የአሜሪካ ግዛት በአሪዞና በረሃውን እያቋረጠ ወደ ምዕራብ ይወርዳል። አውሮፓዊ እግሩን በዚያ ምድር ከማሳረፉ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሆሆካም የተባሉ ነዋሪዎች ከወንዙ ቦይ እየጠለፉ አሸዋውን ማሳ አድርገውት ነበር። ፒማዎችም ያንን ሙያ ወረሱ። በቆሎ፣ ዱባና ጥጥ ያለማሉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ቴፓሪ በሚባለው፣ ጥቂት ውሃ በሚበቃው ትንሽ አደንጓሬ ይመካሉ። ከዱር ደግሞ የመስኪትን ዛፍ ጣፋጭ ፍሬ ለቅመው፣ በሙቀጫ ወቅጠው ዱቄት ያደርጉታል። መስኪት በአገራችን አፋርን የወረረው የፕሮሶፒስ የቅርብ ዘመድ ነው። እኛ ዘንድ አርብቶ አደሩ የሚያማርረው ዛፍ እነሱ ዘንድ የክፉ ቀን ቀለብ ነበር።

በ1694 ዓ.ም. (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) አውሴቢዮ ኪኖ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ በአካባቢው ሲያልፍ ያገኘው ይህንኑ የገበሬ አገር ነው። ከስፔኖቹ ጋር ስንዴ መጣ። ስንዴው በክረምት ብርድ ስለሚበቅል ፒማዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረት ጀመሩ። ጎተራቸው የሞላው ያን ጊዜ ነው። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ የጎረፈው ሕዝብ በጊላ ዳር ሲያልፍ፣ በረሃው ያደከመውን መንገደኛ ያበሉት፣ ትርፉንም ስንዴና ዱቄት የሸጡለት እነሱ ነበሩ። ለአሜሪካ ጦርም ቀለብ አቅርበዋል። የፌዴራሉ መንግሥት በ1859 መሬታቸውን ከልሎ ሲሰጣቸው ለሌላ ሰው የሚተርፍ እህል ነበራቸው እንጂ ምጽዋት ጠባቂዎች አልነበሩም።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ነጭ ሰፋሪዎች ከወንዙ ራስጌ መሬት ይዘው ቦያቸውን መቆፈር ጀመሩ። ከላይ ያለው ሲጠልፍ ከታች ያለው ይጠማል። በ1870ዎቹ ውሃው ቀነሰ፤ በ1887 ደግሞ ፍሎረንስ በምትባለው ከተማ አጠገብ ትልቅ ቦይ ተከፈተ። የቀረው የውሃ ታሪክ አጭር ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ወንዙ አልደረሳቸውም። ዘር ተበላ፤ ማሳው አቧራ ሆነ። የፒማ ቤተሰቦች የመስኪቱን ዛፍ እየቆረጡ ማገዶ አድርገው ለከተማ ሰው መሸጥ ያዙ። የሚመግባቸውን ዛፍ ለዕለት ጉርስ ሸጡት ማለት ነው።

በ1901 እና በ1902 ፍራንክ ሩሰል የሚባል የሰው ልጅ ባህል አጥኚ መካከላቸው ተቀምጦ ኑሯቸውን መዘገበ። በመጽሐፉ ካሰፈራቸው ነገሮች አንዱ፣ ከሽማግሌዎቹ ብዙዎቹን ወፍራም ሆነው ማግኘቱ ነው፤ በፈረንጅ ዓይን የታወቀው የአሜሪካ ነባር ሕንድ ቀጭንና ጅማታም ነበርና ገረመው። ነገሩን ወደ ምግባቸው ሊያስጠጋ ሞከረ። እኔን ግን ከውፍረቱ ይልቅ የሚደንቀኝ ጊዜው ነው፤ ረሃብ በገባበት፣ ከመንግሥት የሚታደል ዱቄት መቅመስ በተጀመረበት በዚያው ዘመን መሆኑ።

በ1930 የጊላን ራስጌ የሚገድበው የኩሊጅ ግድብ ተመረቀ። ስሙ የተሰጠው ለፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ነው፤ እሱም ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ በምረቃው ላይ ተገኝቷል። ግድቡ በሕግ ሲፈቀድ የፒማን ውሃ ይመልሳል ተብሎ ነበር፤ የተባለውን ያህል ግን ወደ እነሱ አልወረደም። የመጣላቸው ሌላ ነገር ነው፦ ነጭ ዱቄት፣ ስኳር፣ የአሳማ ስብ፣ የቆርቆሮ ሥጋ። ከእነዚህ የፒማ እናቶች በስብ የሚጠበስ ቂጣ መሥራት ያዙ። ዱቄቱ በውሃና በጨው ይለወሳል፤ ሊጡ በመዳፍ ተጠፍጥፎ የፈላ ስብ ውስጥ ይጣላል፤ በአፍታ ተነፋፍቶ ቡናማ ይሆናል። ይጣፍጣል። አሁን በየበዓላቸው የሚቀርብ የማንነት ምግብ ሆኗል። መነሻው ግን የዕርዳታ ጆንያ ነው።

እስከዚህ ድረስ የስኳር በሽታ የተለየ ወሬ አልነበረም። የቦስተኑ ኤሊዮት ጆስሊን፣ የዘመኑ ስመ ጥር የስኳር ሐኪም፣ በ1937 አሪዞና ሄዶ ከፒማዎች መካከል 21 ሕሙማን አገኘ፤ ከሌላው አሜሪካዊ ይበዛል የሚያሰኝ ነገርም አላየም። ከዚያ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ወጣቶቹ ዘመቱ፤ ኢዎ ጂማ በተባለችው የጃፓን ደሴት ላይ ባንዲራ ሲተክሉ ፎቶ ከተነሱት ስድስት ወታደሮች አንዱ አይራ ሄይዝ የጊላ ልጅ ነው። የቀሩት ወደ ደመወዝ ሥራ ገቡ፤ ከሱቅ የሚገዛ ምግብና የመኪና ኑሮ ለመዱ። በ1954 ሕሙማኑ እንደገና ሲቆጠሩ 283 ሆኑ። በ17 ዓመት ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ዘር በ17 ዓመት አይለወጥም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚመጣውን ሁሉ ሳነብ ይህችን ነገር ከዓይኔ አልለያትም፤ ምሁራኑ ግን ደጋግመው ረስተዋታል።

በ1962 የሚሺገኑ የዘር ተመራማሪ ጄምስ ኒል አንድ ሐሳብ አወጣ። የስኳር በሽታ ሰውን እየጎዳ ለምን ከትውልድ ትውልድ ይዘልቃል ብሎ ጠየቀ። የሰጠው መልስ በእኛ ገበሬ ቋንቋ ቢነገር እንዲህ ነው፦ ጥጋብና ረሃብ በሚፈራረቁበት አገር፣ መኸር ሲገባ ፈጥኖ ጎተራውን የሚሞላ ሰው ክረምቱን ይሻገራል። ኒል እንዳለው በጥጋብ ወቅት ኢንሱሊን ቶሎ የሚያመነጭና ምግቡን ፈጥኖ ወደ ስብ የሚለውጥ ሰውነት ረሃብን ያልፋል፣ ይወልዳል፣ ያወርሳል። ረሃቡ ጨርሶ ሲቀርና ገበታው ዓመቱን ሙሉ ሲሞላ ያው ስጦታ እዳ ይሆናል። ኒል ይህን ሲጽፍ ፒማዎችን ለይቶ አላጠናም። ሐሳቡ ግን ብዙም ሳይቆይ ተጣበቀባቸው፤ ሳይላቀቃቸውም አሥርት ዓመታት ቆየ።

ነገሩን ወደ ጊላ ያመጣው አጋጣሚ ነው። በ1963 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ባለሙያዎች፣ ፒተር ቤኔትና ቶማስ በርች፣ ለሌላ በሽታ መጡ፤ ለመገጣጠሚያ ብግነት። ብርድ በሽታውን ያባብሰው እንደሆነ ለማወቅ የሰሜኖቹን የሞንታና ብላክፊት ሕንዶች ከሞቃቱ በረሃ ፒማዎች ጋር ሊያወዳድሩ ነበር። ደም ሲመረምሩ ስኳሩ ከመጠን በላይ የበዛ ሰው በዛባቸው። የመገጣጠሚያው ጉዳይ ወደ ጎን ሆነ፤ በ1965 ከ40 ዓመት በላይ የሚዘልቅ ጥናት ተጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ዕድሜው አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ የማኅበረሰቡ ነዋሪ በየሁለት ዓመቱ ይጠራል። በባዶ ሆዱ ይመጣል፤ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበት፣ ለምላስ የሚከብድ ጣፋጭ ውሃ ይሰጠዋል። ጨልጦ ይጠጣና ሁለት ሰዓት ቁጭ ይላል፤ ከዚያ ክንዱ ታስሮ ከደም ሥሩ ይቀዳል። ይመዘናል፤ የዓይኑ ውስጠኛ ክፍል ይታያል፤ ሽንቱ ይመረመራል። አያት ከልጅ ልጅ ጋር እየመጣ፣ ያው ሰው ከልጅነት እስከ ሽምግልና ተመዘገበ። አንድ ማኅበረሰብ ለሳይንስ ይህን ያህል ደም የሰጠበትን ሌላ ቦታ ማግኘት ይከብዳል።

በ1971 ውጤቱ ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ከ35 ዓመት በላይ ከሆኑት ፒማዎች ግማሽ ያህሉ የስኳር ሕመምተኞች ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ከተመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው። ሌላም ነገር ታየ። የሁለት ሰዓቱ ስኳር በሰንጠረዥ ሲሰፈር በሌላ ሕዝብ አንድ ኮረብታ ብቻ የሚሠራው መስመር በፒማ አዋቂዎች ዘንድ ሁለት ኮረብታ ሠራ፤ አንዱ የጤነኞች፣ ሌላው የሕሙማን። ሁለቱ የሚለያዩት በዴሲሊትር 200 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። በስኳር የሚመጣው የዓይንና የኩላሊት ጉዳትም በዋነኛነት የሚታየው ከዚያ መስመር ወዲያ ባሉት ላይ ሆነ። የአሜሪካ ባለሙያዎች በ1979፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1980 የስኳር በሽታን መለያ ቁጥር ሲወስኑ ከተመኩባቸው ዋና ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ሐኪም ያንኑ 75 ግራም አጠጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ 200 እና ከዚያ በላይ ሲያገኝ «ስኳር አለብዎት» የሚለው፣ ሳያውቀው የጊላን ሰዎች ደም እያጣቀሰ ነው።

ስኳሩ ታወቀ፤ ኢንሱሊኑስ? ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ሆርሞን ነው። ከምግብ በኋላ የደሙ ስኳር ወደ ጡንቻና ወደ ስብ እንዲገባ፣ ጉበትም የራሱን ስኳር ወደ ደም መልቀቁን እንዲቀንስ የሚያዝዘው እሱ ነው። ትእዛዙ ምን ያህል እንደሚሰማ የሚለካበት ዘዴ በ1970ዎቹ መጨረሻ በራልፍ ዲፍሮንዞና በባልደረቦቹ ተሟላና ፊኒክስ ባለው የተቋሙ ክፍል ሥራ ላይ ዋለ። ፈቃደኛው አልጋ ላይ ይጋደማል። በአንዱ ክንዱ ኢንሱሊን በማያቋርጥ ጠብታ ይገባል፤ ስኳሩ እንዳይወርድ ግሉኮስ አብሮ ይንጠባጠባል። ሌላው እጁ እየሞቀ በየጥቂት ደቂቃው ጥቂት ደም ይቀዳበታል። የደሙ ስኳር ሳይዋዥቅ ለመቆየት ብዙ ግሉኮስ የሚጠይቅ ሰው ጡንቻው ኢንሱሊንን ይሰማል፤ ጥቂት የሚበቃው ሰው አይሰማም።

ፒማዎች፣ ገና ስኳር ያልያዛቸው ወጣቶች ሳይቀሩ፣ ብዙዎቹ የማይሰሙት ሆኑ። ቆሽታቸው ትእዛዙን በጩኸት ያካክሰዋል፤ በደማቸው የሚገኘው ኢንሱሊን ከነጮቹ እጅግ ይበልጣል፤ ስኳራቸው ግን ለዓመታት በልኩ ይኖራል። ላይ ላዩን ጤነኛ ናቸው። ቆሽቱ ሲደክም ኢንሱሊኑ ማሽቆልቆል፣ ስኳሩ መውጣት ይጀምራል። በ1993 የታተመው የስቲቨን ሊሎያና የባልደረቦቹ ሥራ ይህን አጠናከረ። ስኳር የሌለባቸውን 200 ፒማዎች በአማካይ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ለሚጠጋ ጊዜ ተከታትለው 38ቱ ሲታመሙ፣ አስቀድሞ የጠቆመው ትልቁ ምልክት የኢንሱሊን አለመሰማት ሆነ፤ ቀጥሎም ቆሽቱ ስኳር ሲነካው ወዲያው የሚሰጠው ምላሽ ደካማ መሆኑ። የኒል ግምት እዚህ ላይ ተንገዳገደ። ከመነሻው የሚታየው ችግር ኢንሱሊን ቶሎ መፍሰሱ ሳይሆን መልእክቱ ጡንቻው ዘንድ አለመድረሱ ነበር።

በዚህ መካከል ዘርም ምግብም ብቻውን የማይገልጸው ሦስተኛ ነገር ወጣ። በ1988 ዴቪድ ፔቲትና ባልደረቦቹ ከ20 እስከ 24 ዓመት የደረሱ ልጆችን በእናቶቻቸው ሁኔታ ከፈሏቸው። እናታቸው በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር ከነበረባት ልጆች 45 በመቶው ታመው ተገኙ። እናታቸው ከወለደች በኋላ ከታመመችባቸው 8.6 በመቶ ብቻ፤ ጨርሶ ካልታመመችባቸው 1.4 በመቶ። ሁለተኛዋና የመጀመሪያዋ እናት የሚያወርሱት ዘር ይመሳሰላል፤ የለያቸው ማኅፀን ውስጥ ያለው ስኳር ነው። በ2000 ዳና ዳቤሊያ የአንድ እናት ልጆችን አወዳድራ አጠናከረችው፤ እናቲቱ ከታመመች በኋላ የተወለደው ልጅ፣ ከዚያ በፊት ከተወለደው ወንድሙ ይበልጥ ለስኳር የተጋለጠ ነበር። እናት ስትታመም ልጇ ይጋለጣል፤ ልጅቱ አድጋ በወጣትነቷ ስትታመም የእሷም ልጅ ይጋለጣል። ከሁለትና ሦስት ትውልድ በኋላ ከውጭ የሚያይ ሰው «በዘራቸው ነው» ቢል አይፈረድበትም።

በዚያው በ1988 የእኛን ሰዎች የሚመለከት ወረቀት ከእስራኤል ወጣ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በዘመቻ ሙሴ ብዙ ሺህ ቤተ እስራኤላውያን በሱዳን በኩል ገብተው ነበር። በእግር ተጉዘው፣ በስደተኛ ጣቢያ ተርበውና ወገን ቀብረው የደረሱ ቀጫጭን ሰዎች ናቸው። ጥቂት ዓመት ከኖሩ በኋላ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆኑት ሲመረመሩ 9 በመቶ ያህሉ ስኳር ተገኘባቸው፤ ለዚያ ዕድሜ አስደንጋጭ ነው። ከእንጀራና ከሽሮ፣ ከእርሻና ከእግር መንገድ ወደ ነጭ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና አውቶቡስ የተሻገሩት በአንድ ሌሊት በረራ ነው። ከፒማ ጋር የዘር ቅርበት የላቸውም፤ የሚያገናኛቸው ረሃብና ከረሃቡ በኋላ የመጣው ገበታ ነው።

የድሮውን ምግብ መልሶ የሚፈትሽም አልጠፋም። በ1990 የሲድኒዋ ጄኒ ብራንድና የአሪዞናው የዕፅዋት ሰው ጋሪ ናብሃን ከባልደረቦቻቸው ጋር ቴፓሪን፣ መስኪትንና ሌሎቹን የበረሃ ምግቦች ለጤነኛ ሰዎች አብልተው ለኩ። የደም ስኳርም ኢንሱሊንም በቀስታ ነበር የሚወጣው። አደንጓሬው በዝግታ ይፈጫል፤ የመስኪቱ ፍሬ ደግሞ ሙጫ መሰል ነገር ስላለው ስኳሩ ከአንጀት ቶሎ አያልፍም። በ1991 ቦይድ ስዊንበርንና ጓደኞቹ ፒማዎችንና ነጮችን ለ14 ቀን የድሮውን ዓይነት ምግብ፣ ለሌላ 14 ቀን ደግሞ ስብ የበዛበትን የዘመኑን ምግብ አበሏቸው። በዘመኑ ምግብ ሰውነታቸው ስኳርን የመቋቋም አቅሙ ቀነሰ። የነጮቹም እንዲሁ። ፒማዎቹ የጀመሩት ዝቅ ካለ ቦታ ስለሆነ የወረዱት ወደባሰው ነበር እንጂ መንገዱ አንድ ነው።

ከሁሉ የሚያሳምነው ማስረጃ የመጣው ከድንበር ማዶ ነው። በሜክሲኮ ሶኖራ ግዛት፣ በሴራ ማድሬ ተራራ፣ ማይኮባ በምትባል መንደር የፒማ ዘመዶች ይኖራሉ። የአሪዞናዎቹ ወንዛቸውን ሲያጡ እነሱ ተራራቸው ላይ በአደንጓሬ፣ በበቆሎ ቂጣና በድንች ቀሩ፤ በእጃቸው ያርሳሉ፣ እንጨት ይፈልጣሉ። ኤሪክ ራቩሳን በ1994 የመጀመሪያውን ምርመራ ሲያሳትም ከአሪዞናዎቹ እጅግ የቀጠኑ ሆነው ተገኙ። በ2006 በሌስሊ ሹልዝ መሪነት የወጣው ሰፊ ጥናት ቁጥሩን ሰጠ፦ ከአሪዞና ፒማዎች 38 በመቶ፣ ከማይኮባ ፒማዎች 6.9 በመቶ፣ እዚያው መንደር ከሚኖሩ ፒማ ያልሆኑ ሜክሲኳውያን 2.6 በመቶ ስኳር ነበረባቸው። ቁጥሮቹ ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንድ መንደር፣ አንድ ዓይነት ኑሮ እየኖሩ ፒማዎቹ ከጎረቤታቸው ይበልጥ መታመማቸው የዘር ድርሻ እንዳለ ይጠቁማል። የቅርብ ዘመዳሞች ሆነው አሪዞናዎቹ አምስት እጥፍ መብለጣቸው ግን ዘር ብቻውን ይህን እንደማያደርግ ያሳያል፤ ልዩነቱም ከመጀመሪያው እጅግ ይሰፋል።

በዚያው ዓመት ከአይስላንድ የተነሳ ቡድን ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባለው ዘረ መል ከስኳር በሽታ ጋር በጥብቅ እንደተያያዘ አስታወቀ፤ በብዙ ሕዝቦች ዘንድም ተረጋገጠ። ፒማዎች ላይ ሲፈለግ ግን እምብዛም አልሠራም። ኒል የገመተው አንድ ቆጣቢ ዘረ መል አልተገኘም፤ እሱም ራሱ በኋለኛ ዕድሜው ሐሳቡን ከልሶታል። በ2015 ሌስሊ ቤየርና ባልደረቦቿ ኤቢሲሲ8 በተባለው ዘረ መል ላይ አንድ ለውጥ ለዩ። በጊላው ጥናት ከ100 ሰው ሦስት የሚያህሉት ይሸከሙታል፤ ተሸካሚው ሲወለድ ክብደቱ ከፍ ይላል፤ ካደገ በኋላ ደግሞ በስኳር የመያዝ ዕድሉ እጥፍ ነው። ተጨባጭ ግኝት ነው፤ ሆኖም ያን ሁሉ ሕመምተኛ በሦስት በመቶ ማስረዳት አይቻልም። የቀረው የዘር ድርሻ በየቦታው የተበተኑ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ብቻ የሚያበረክቱ ዘረ መሎች ድምር ነው።

ከዚያ ምድር የወጣ መድኃኒትም አለ። ጊላ ሞንስተር የሚባለው መርዛማ እንሽላሊት ስሙን ያገኘው ከዚያው ወንዝ ነው። ጆን ኢንግ የተባለ የኒው ዮርክ ተመራማሪ በ1992 ከመርዙ ለይቶ ያወጣው ንጥረ ነገር፣ ስኳር ሲበዛ ቆሽቱ ኢንሱሊን እንዲለቅ የሚያነቃቃ ሆኖ ተገኘ፤ በ2005 በመርፌ የሚሰጥ የስኳር መድኃኒት ሆነ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ከ3,200 በላይ ሰዎች የገቡበት የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከል ጥናት ውጤቱ ወጥቶ ነበር፤ ከተሳታፊዎቹ ውስጥ የአሪዞና ሕንዶች ይገኙበታል። ሜትፎርሚን የስኳርን መምጣት በ31 በመቶ ሲቀንስ፣ ክብደትን ጥቂት ማውረድና በሳምንት 150 ደቂቃ መንቀሳቀስ በ58 በመቶ ቀነሰው። አሪዞና ውስጥ ይህን ምክር ለሰው መስጠት ይቻላል፤ ማሳና ውሃ ግን በምክር አይገኝም።

ውሃውን በሕግ ያስመለሰው በ2004 የወጣው የአሪዞና የውሃ ስምምነት አዋጅ ነው። የጊላ ወንዝ ማኅበረሰብ በዓመት 653,500 ኤከር ጫማ ውሃ ተመደበለት፤ ከ800 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይበልጣል። ትልቁ ድርሻ ከሌላ ወንዝ፣ ከኮሎራዶ፣ በቦይ የሚመጣ ነው። ቴፓሪ እንደገና በሰፊው ተዘርቶ በፓኬት ይሸጣል፤ ገዢው ግን ከመንደሩ ሰው ይልቅ የከተማው ምግብ ቤት የሆነበት ጊዜ አለ።

ተመራማሪዎቹ ከመጀመሪያው ምርመራ 15 ዓመት ገደማ ቆይተው በ2010 ወደ ማይኮባ ተመለሱ። መንገዱ ተጠርጓል፤ መብራት ገብቷል፤ መኪናና ሱቅ በዝቷል። ሚዛን ላይ የወጣው ሰው ከበፊቱ ወፍሯል፤ ፒማውም፣ ጎረቤቱም።